«አይስብም» የተባለው መኪና፤ ጥፋቱ የሞተሩ ነው ወይስ የጣርማ በር?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ጫጫን ያለፈ መኪና 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደብረ ብርሃን ሲገባ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወጥቷል። መንገዱ አብዛኛው ሜዳ ስለሆነ ሾፌሩ ወደ ላይ መውጣቱ እምብዛም አይታወቀውም። ሞተሩ ግን ያውቀዋል። መኪናው ዕድሜ የጠገበ ከሆነ ቆሞ ሲነሳ ይዛገማል፤ ጠመዝማዛ ላይ በዝግታ ታጥፎ ነዳጅ ሲሰጡት ያንቃል፤ ዙሩ ከፍ ሲል ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ይሮጣል። ባለቤቱ ጋራዥ ሄዶ የሚናገረው አንድ ቃል ነው፦ አይስብም።

ወጪው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካንዴላ ይቀየራል፤ አልተሻለም። ቦቢና ይቀየራል፤ ያው ነው። ካርቡራቶሩ ተፈትቶ ይታጠባል፤ ለሁለት ቀን የተሻለ ይመስልና ይመለሳል። በመጨረሻ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ምን ያህሉ ድካም የቦታው እንደሆነ፣ ምን ያህሉ የመኪናው እንደሆነ ሳይለይ የተሰጠ ፍርድ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ አሮጌ መኪና የሚይዝ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ሒሳብ ማወራረድ አለበት።

ሞተር የሚሠራው በነዳጅ ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በአግባቡ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩን የሚያገኘው ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የውጭው የአየር ግፊት ገፍቶ ሲያስገባለት ነው። ግፊቱ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለውን 100 ብንለው፣ ሸዋ ሮቢት 87 ገደማ፣ አዲስ አበባ 76 ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ከ70 ጥቂት የሚበልጥ፣ በደሴ መስመር ያለው የጣርማ በር ተራራ ጫፍ ላይ ደግሞ 68 ገደማ ይሆናል። ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በአንድ ወቅት በአገራችን ከተሞች በብዛት ይታይ የነበረውን ቮልስ 1200 እንውሰድ። ፋብሪካው የሰጠው 34 የፈረስ ጉልበት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሞተሩ አንድም እንከን ሳይኖርበት ከ25 የፈረስ ጉልበት በላይ አይጠበቅበትም። አራት ሰውና ዕቃ ጭኖ ወደ አንኮበር ሲያቀና ባለቤቱ ስለ ድካሙ ቢያማርር አይገርምም፤ ካንዴላ መቀየሩ ግን የተነጠቀውን ዘጠኝ ፈረስ አይመልስለትም።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ራሱ ጥሩ መፈተኛ ነው። በከፊል ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ብርዳማ አምባ ላይ ያልፍና ወደ ጎረቤላ ይወርዳል። ከዚያ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለት ሲመለሱበት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ ዳገት ነው። ዙሩ ዝቅ ብሎ ጭነቱ ከፍ የሚልበት እንዲህ ያለ ቦታ የሞተርን ደካማ ጎን ይገልጠዋል።

የጣርማ በር ዳገት መኪናን መፈተን የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ የጣሊያኑ አዛዥ የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተንቀሳቀሰው ከ1,500 በላይ መኪና አሰልፎ ነበር። ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ኢትዮጵያውያን መንገዱን አፍርሰው ስለጠበቁት፣ ዝናቡና ጭቃውም ስለተጨመረበት፣ ሰልፉ ቆሞ መንገዱ በሰው ጉልበት እስኪጠገን መጠበቅ ግድ ሆነበት። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። ከዚያ በኋላ ጣሊያኖች ተራራውን በስተው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ዋሻ ሠሩ። ዋሻው ጫፉን ከመውጣት አዳነ እንጂ ከከፍታው አላዳነም። ዛሬም ከደብረ ሲና ተነስቶ ወደ ዋሻው የሚወጣ አሮጌ የጭነት መኪና በጉም ውስጥ ጥቁር ጭስ እየለቀቀ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳይፈጥን ይታያል።

የተራራውን ድርሻ ከመኪናው ድርሻ ለመለየት የሰሜን ሸዋ ሰው ጥሩ ዕድል አለው፤ ደጋውና ቆላው ተጎራብተዋል። ደብረ ብርሃን ላይ የደከመውን መኪና ዋሻውን አሳልፎ፣ ደብረ ሲናን አቋርጦ ሸዋ ሮቢት ማውረድ ይቻላል። እዚያ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ ሞተሩ ከደብረ ብርሃኑ በአምስት አንድ ያህል የሚበልጥ ግፊት ያገኛል። የቆላው ሙቀት ከጥቅሙ ጥቂት ቢወስድበትም ልዩነቱ በእግር ይታወቃል። ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ቆሞ ሲነሳ መኪናው ቀልጠፍ ካለ፣ ደጋ ላይ የታየው ድካም አብዛኛው የከፍታው ነው፤ ወይም ካርቡራቶሩ ለደጋ አየር አልተስተካከለም። እዚያም ወርዶ ያው እንደሚያንቅ ከቀጠለ ግን ተራራው ነፃ ነው፤ ጥፋቱ ቦኔቱ ሥር ይፈለግ። ለዚህ ተብሎ ነዳጅ ማቃጠል አያስፈልግም። ለሌላ ጉዳይ ሲወርዱ ልብ ማለት ይበቃል።

ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ ድካሙ መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት መኪናው ላይ ምን ተሠርቶ ነበር? የታይሚንግ ቀበቶ ተቀይሮ በሳምንቱ «ከታች አይነሳም፣ ከላይ ግን ደህና ነው» የሚል ቅሬታ ከመጣ ቀበቶው አንድ ጥርስ ዘግይቶ መግባቱን መጠርጠር ነው። ቫልቮቹ ሊዘጉ ከሚገባቸው ጊዜ ዘግይተው ሲዘጉ፣ በዝቅተኛ ዙር ፒስተኑ ያስገባውን አየር መልሶ ይተፋዋል። በከፍተኛ ዙር ግን አየሩ በፍጥነት ስለሚገባ ጉዳቱ ይደበቃል። ምርመራ ሳይካሄድ ቀበቶው መቀየሩን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ለመካኒኩ ማስታወስ አለበት።

ሞተር የማይመስሉ ነገሮችም ሞተርን ያስወቅሳሉ። ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ የማይለቅ መኪና ጉልበት ያጣ ይመስላል፤ ሜዳ ላይ ጥቂት ተነድቶ ፍሬን ሳይያዝ በራሱ እንዲቆም ተደርጎ ቸርኬዎቹ በጥንቃቄ ቢዳሰሱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጀው ይታወቃል። ፍሪሲዮን የሚንሸራተት ከሆነ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ አይጨምርም፤ የተቃጠለ ሽታም ይሸታል። ይህ የጉልበት ማነስ አይደለም፤ ጉልበቱ ጎማ ላይ አልደረሰም። የአየር ፊልትሮውም በኮረኮንች መንገድ አቧራ ከታፈነ ከተራራው ላይ ሌላ ተራራ ይጨምራል። እነዚህን ማየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

እውነተኛ የዝቅተኛ ዙር ድካም ሲሆን ግን መጀመሪያ እሳቱ ይመርመር። የእሳቱን ጊዜ በፑንቲና የሚወስኑ አሮጌ መኪኖች ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የማይታይ ጉዳት አለ። ፑንቲናውን የሚገፋው ትንሽ ተረከዝ ከዓመት ዓመት እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል። ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ዘግይቶ ይመጣል። የዘገየ እሳት ደግሞ ከታች ጉልበት ይገድላል፣ ሞተር ያሞቃል፣ ነዳጅ ይበላል። በብዙዎቹ መኪኖች ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን በቀጭን መለኪያ ስለት ተለክቶ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ የእሳቱ ጊዜ፣ ታይሚንጉ፣ በመብራት ይታያል፤ በጆሮ ብቻ ማስተካከል ለመንገድ ላይ ችግር እንጂ ለጋራዥ አይመጥንም።

ቀጥሎ ዲስትሪቢውተሩ ጎን ላይ ያለችው ክብ ቆርቆሮ ትታያለች። ውስጧ ስስ ጎማ አለ። ከካርቡራቶሩ በቀጭን ቱቦ የሚመጣው የመምጠጥ ኃይል ጎማዋን ሲስብ እሳቱ ጥቂት ዲግሪ ይቀድማል። ነዳጅ በትንሹ ሲሰጥ መኪናው ለስለስ ብሎ የሚነሳው በዚህ ነው። ጎማዋ በዕድሜ ከተቀደደች ግን መኪናው ይሄዳል፣ አይጠፋም፣ ግን ሲነሳ ይንቀራፈፋል። መፈተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ሞተሩ ጠፍቶ የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ተነስቶ፣ መካኒኩ ቱቦውን ከካርቡራቶሩ በኩል ነቅሎ በአፉ ይስበዋል። ውስጥ ያለው ሳህን ፈቀቅ ማለት አለበት። ከዚያ የቱቦውን አፍ በምላሱ ይደፍነዋል፤ ቱቦው ምላሱን ይዞ ከቀረ፣ ሳህኑም በቦታው ከቆየ ጎማዋ ደህና ናት። ወዲያው ከተመለሰ ተቀድዳለች። ስንት ሞተር ይህች ጎማ ሳትታይ እንደወረደ ማሰብ ያሳዝናል።

ቮልስ የያዙ ሰዎች ይህን ችግር በሌላ በኩል ያውቁታል። ከሽያጭ በኋላ በብዙ ቮልሶች ላይ የተገጠመው ቦሽ 009 የሚባለው ዲስትሪቢውተር እሳቱን የሚያስቀድመው በዙር ፍጥነት ብቻ ነው፤ በመምጠጥ የሚሠራው ክፍል የለውም። ጠንካራና ቀላል ስለሆነ ተወደደ። ነገር ግን ከሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ከሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር፣ ተነስቶ ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ለአፍታ ባዶ ይሆናል። በዓለም ዙሪያ የቮልስ ባለቤቶች የሚያማርሩበት ጉድለት ነው። መኪናውን የገዛው ሰው ቀድሞ የነበረው ዲስትሪቢውተር መለወጡን ካላወቀ፣ ካርቡራቶሩን ሲያስፈታ ሊኖር ይችላል።

የአየር ማፈትለክ ሌላው ነው። በካርቡራቶርና በሞተሩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ሲደርቅ፣ ወይም የጎማ ቱቦ ሲሰነጠቅ ያልተለካ አየር ሾልኮ ይገባል። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚወስደው አየር ጥቂት ስለሆነ ያች ሾልካ የገባችው ብዙ ትሆናለች፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሲነሳ ያንቃል። ዙሩ ሲጨምር የሚገባው አየር ብዙ ስለሚሆን የሾለከው ከቁጥር አይገባም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ውኃ በትንሽ መርጫ ጓርኒሲዮኑ ጠርዝ ላይ ቢረጭ፣ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ነው። አንዳንዶች ለዚህ ቤንዚን ይረጫሉ። በጋለ ሞተርና በእሳት ብልጭታ አጠገብ ቤንዚን መርጨት መኪናውንም ሰውየውንም ማቃጠል ነውና መከልከል አለበት።

ካርቡራቶሩ ተራ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶር ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። ለባሕር ጠረፍ ከተማ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደብረ ብርሃን ላይ ከሚያስፈልገው 15 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ነዳጅ ይሰጣል። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ለብሶ ይወጣል፤ ጤነኛው ግን ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደግሞ የማለዳውን ሞተር ለማስነሳት የሚሳበው ቾክ ሳይመለስ ከቀረ ነገሩ ይብሳል። የነዳጅ ቀዳዳዎቹን በጥቂቱ ባነሱ መቀየርና እሳቱን ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ለደጋ መኪና ይጠቅማል። ይህን ያስደረገ ሰው ግን ወደ አፋር ወይም ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ከሆነ ቀድሞ ያስመልስ። እዚያ አየሩ ሲወፍር ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩም እየተንኳኳ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል።

አሁን ሳይጠነቀቁ የሚሳሳቱበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ መለኪያዎቹ። የመካኒክ መጽሐፎች የተጻፉት ለባሕር ወለል ነው። የመምጠጥ ኃይል መለኪያው በጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ማሳየት አለበት ይላሉ። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ገደማ መቀነስ ስላለበት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጤነኛው ሞተር የሚያሳየው ከ8 እስከ 13 ነው። መጽሐፉን ብቻ የሚያምን መካኒክ ጤነኛውን በሽተኛ ይለዋል። ኮምፕሬሽንም እንዲሁ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 180 ፒ.ኤስ.አይ. የሚያሳይ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 130 ገደማ ቢያሳይ ምንም አልሆነም። «ፒስተን ፋሻው አልቋል» ተብሎ የሚወርድ ሞተር ለሌላ ቦታ በተጻፈ አኃዝ ተፈርዶበት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ይበልጣል። አራቱም 125፣ 130፣ 128፣ 127 ካሉ ሞተሩ ደህና ነው። ሦስቱ 130 ሆነው አንዱ 85 ከሆነ እውነተኛ ጥፋት ተገኝቷል። ወደዚያው ሲሊንደር አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ መልሶ መለካት ነው። ቁጥሩ በግልጽ ከወጣ የፒስተኑ ፋሻዎች አልቀዋል። ካልወጣ ቫልቩ አልገጠመም፣ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። አንዳንድ ጊዜ ቫልቭ እንዲህ የሚሆነው ክፍተቱ ስለጠበበ ብቻ ነው፤ ቴስታታ ሳይፈታ ይስተካከላል። በማፈትለክ የሚመጣ ድካም በዝቅተኛ ዙር የሚጎላበት ምክንያትም ግልጽ ነው፦ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የታመቀው አየር ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል።

በኮምፒውተር የሚሠሩት፣ እንደ ቪትዝ ያሉት፣ የነዳጁን መጠን ከአየሩ ጋር ራሳቸው ያስተካክላሉ። ጥቁር ጥቀርሻው ይቀርላቸዋል፤ የተነጠቀው ጉልበት ግን አይመለስም። እነዚህ ሲደክሙ መጀመሪያ የአየር መለኪያው ሴንሰርና፣ ካላቸው፣ የጭስ መመለሻው ቫልቭ ይታዩ። ይህ ቫልቭ ተከፍቶ ከተጣበቀ ሚኒሞ ላይ የተቃጠለ ጭስ ወደ ሞተሩ ስለሚመልስ ከታች ያለውን ጉልበት ይወስዳል።

የናፍታ መኪና የያዘ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ልብ ይበል። ቱርቦ ያለው መኪና ከፍታውን በአብዛኛው ያሸንፈዋል፤ ግን ቱርቦው የሚያግዘው ከተሽከረከረ በኋላ ነው። ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሳ፣ ቱርቦው ገና ሳይነቃ፣ ሞተሩ ቱርቦ እንደሌለው ሁሉ የጣርማ በርን ስስ አየር ብቻ ይዞ ይታገላል። ስለዚህ መነሻው ላይ መዘግየት ብቻውን የቱርቦ ብልሽት አይደለም። ቱርቦ የሌላቸው መኪኖች ጉልበት ሲያጡ ደግሞ የናፍታ ፓምፑን ከፍ ማድረግ ለብዙዎች መፍትሔ ይመስላቸዋል። አየር ሳይጨመር ናፍታ መጨመር ጭሱንና ሙቀቱን እንጂ ጉልበቱን አይጨምርም።

አነዳዱም የጤናው ክፍል ነው። ሦስተኛ ማርሽ ይዞ በዝቅተኛ ዙር ነዳጁን እስከ ወለሉ መርገጥ የሞተሩን ውስጠኛ ብረቶች ይጎዳል። ደጋ ላይ ማርሽ ቀድሞ መቀነስ፣ ዙሩን ጠብቆ መውጣት ነው የሚሻለው። የደሴ መስመር ነባር ሾፌሮች ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ የሚቀንሱት ለዚሁ ነው።

አሮጌ መኪና ከመንገዳችን በቅርቡ አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ጣርማ በር ላይም ጅቡቲም ያው ነው፤ ጉልበቱንም ከመጀመሪያው ዙር ይሰጣል። የኤሌክትሪክ መኪና በየቤቱ እስኪገባ ግን በእጅ ያለውን ኮሮላ፣ ቮልስና ላንድክሩዘር በሥርዓት መያዝ ግድ ነው፤ መለዋወጫው በየጊዜው እየተወደደ ስለሆነ በግምት የሚቀየር ዕቃ የቤተሰብ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ያላችሁ አንባቢዎች፣ መኪናችሁ ጤነኛ ሳለ አንድ ቀን ጋራዥ ውሰዱትና የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን፣ የሚኒሞውን የመምጠጥ ኃይልና ታይሚንጉን አስለክታችሁ በደብተር ጻፉ። ከቁጥሮቹ አጠገብ ቀኑንና የተለካበትን ከተማ ጻፉበት። መኪናው «አልስብም» ባላችሁ ቀን ያንን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ እነዚያው ቁጥሮች እዚያው ከተማ ዳግም ሳይለኩ ሞተሩ እንዲወርድ አትፍቀዱ።